ኢቫን ፓቭሎቭ፤ ከተማሪነት ጥናት እስከ ቤተ ሙከራ መሪነት

የፓቭሎቭ ስም በተነሣ ቁጥር ውሻና ደወል አብረው ይነሣሉ። በሥነ ልቡና ትምህርት ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ይህን ሥዕል በአእምሮው ይዞ ይኖራል። ለነገሩ ያህል ደወል በፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ የነበረው ድርሻ አነስተኛ ነው፤ ሜትሮኖም፣ የመብራት ብልጭታና በቆዳ ላይ የሚያርፍ ንክኪ ከደወል ይልቅ ይሠራባቸው ነበር። እኛ ግን እዚህ የምንተርከው ከውሻውና ከደወሉ በፊት ስለነበረው ሰው፣ ይኸውም ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ሳይዝ በአንድ መምህር አማካሪነት አንድ ጥናት ስለሠራው የሃያ አምስት ዓመት ተማሪ ነው።

ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቹ በየዓመቱ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጥናት ያማክራሉ። ጥናቱ ግን በአብዛኛው ሥርዓት ለማሟላት ያህል እንደሚሠራ፣ ከተጠረዘና ማርክ ከተሰጠው በኋላ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ዕድል እንደሌለው ሆኖ ይታያል፤ ተማሪውም አማካሪውም ለመገላገል ይቸኩላሉ። የፓቭሎቭ ሕይወት ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አይስማማም። ተማሪ ሳለ የጀመረው ጥናት መልስ ያላገኘ ጥያቄ ትቶለት አልፎ ነበር፤ እርሱም ያን ጥያቄ ለሃያ ሰባት ዓመታት ያህል ይዞት ኖረ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ኢቫን ፔትሮቪች ፓቭሎቭ በመስከረም ወር 1849 ከሞስኮ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በሪያዛን ከተማ ተወለደ። አባቱ ፒዮትር ቄስ ነበር፤ የእናቱም ወገን ካህናት ነበሩ። በሕፃንነቱ ከከፍታ ላይ ወድቆ ክፉኛ በመጎዳቱ ትምህርት ቤት የገባው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ወላጆቹ እንደ አባቱ ክህነት እንዲቀበል ፈልገው ወደ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ሴሚናሪ ላኩት። ይሁን እንጂ ዘመኑ በሩሲያ ወጣቶች ዘንድ የተፈጥሮ ሳይንስ እንደ አዲስ ወንጌል የሚነበብበት ጊዜ ነበርና፣ ወጣቱ የፒሳሬቭን መጣጥፎችና ሴቼኖቭ በ1863 ያሳተመውን ስለ አንጎል ሪፍሌክሶች የሚናገር መጽሐፍ አንብቦ ልቡ ሸፈተ። በ1870 ሴሚናሪውን ሳይጨርስ ትቶ ቅዱስ ፔተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በመጀመሪያ የተመዘገበው ለሕግ ትምህርት ነበር፤ ወዲያው ግን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ተዛወረ።

በዩኒቨርሲቲው ያገኘው መምህር ኢሊያ ፋዴዬቪች ጺዮን ይባላል። የዚህ ሰው ስም ዛሬ ከፊዚዮሎጂ ታሪክ አዋቂዎች በቀር የሚያስታውሰው የለም። በዘመኑ ግን በላይፕዚግ ከካርል ሉድቪግ ጋር ሆኖ የደም ግፊትን የሚቀንሰውን የልብ ነርቭ ያገኘ፣ ለዚህም ከፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት የተቀበለ፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ የነበረ ዝነኛ ሊቅ ነበር። በተለይ በቀዶ ጥገና እጁ ይደነቅ ነበር። ወደ ግብዣ ከመሄዱ በፊት ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ በጥንቸል ላይ ቀዶ ጥገና ሠርቶ፣ ጓንቱ ላይ አንዲት የደም ጠብታ ሳታርፍ ወጣ ተብሎ ይተረካል። ትረካው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ የማይጠረጠረው ግን ፓቭሎቭ ከዚህ ሰው እጅ መማሩ ነው። በሁለቱም እጆቹ እኩል የሚሠራ፣ ፈጣንና ጥንቁቅ ቀዳጅ ሆኖ ወጣ። ለፊዚዮሎጂ ባለሙያ እጅ የአስተሳሰብ መሣሪያ ነው፤ ይህንንም ከመጽሐፍ መቅዳት አይቻልም፤ ከሚሠራ ሰው አጠገብ ቆሞ ማየትን፣ ቀጥሎም እያዩት መሥራትን ይጠይቃል።

ጺዮን ለፓቭሎቭና አፋናሲየቭ ለተባለ የትምህርት ባልደረባው አንድ የጥናት ርእስ ሰጣቸው። ጥያቄው ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኘውን ቆሽትን የሚመለከት ነበር። ቆሽት ምግብ ለመፍጨት የሚረዳ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ያፈስሳል፤ ታዲያ አሁን አፍስስ፣ አሁን አቁም ብሎ የሚያዝዘው የትኛው ነርቭ ነው? የምራቅ ዕጢ በነርቭ እንደሚታዘዝ ሉድቪግ ከብዙ ጊዜ በፊት አሳይቶ ስለነበር፣ የቆሽትም ነገር ከዚያ የተለየ አይሆንም የሚል ግምት ነበር። ርእሱ ለሁለት ተማሪዎች የሚመጥን፣ ወሰኑ የታወቀና በአንድ ዓመት የሚያልቅ መሰለ።

አላለቀም። ቆሽት እንደ ምራቅ ዕጢ በቀላሉ እሺ የሚል አካል አልሆነም። የሚያዝዘውን ነርቭ ለማግኘት ሆዱን መቅደድና ነርቭ መንካት ያስፈልጋል፤ ሆዱ ሲቀደድና ነርቭ ሲነካ ደግሞ ቆሽት ጭራሹን ሥራውን ያቆማል። ሁለቱ ተማሪዎች በግልጽ ያገኙት ነገር ቢኖር ይህ መቆም ነበር፤ ስሜት ተቀባይ ነርቭ በተነካ ጊዜ የቆሽቱ ፈሳሽ ይገታል። ይህ ውጤት በ1878 በጀርመን ፊዚዮሎጂ መጽሔት ታትሟል። ሆኖም የተጠየቁት የሚያስቆመውን ሳይሆን የሚያሠራውን እንዲያገኙ ነበርና፣ ዋናው ጥያቄ እንደ ተዘጋ ቀረ።

ፓቭሎቭ በዚህ ሥራ ከመጠመዱ የተነሣ ሌላውን ትምህርቱን ችላ አለ፤ በአራት ዓመት መመረቅ ሲገባው አምስተኛ ዓመት ጨመረ። እኔ ይህን የማነሣው ለተማሪዎች ምሳሌ ይሁን ብዬ አይደለም፤ ወላጅ ሲሰማው የማይወደው ነገር ነው። ነገር ግን ለተሰጠው ርእስ ተማሪው ራሱ ባለቤት ከሆነ ምን እንደሚፈጠር ያሳያል። በ1875 ሲመረቅ ጥናቱ ከአፋናሲየቭ ጋር የዩኒቨርሲቲውን የወርቅ ሜዳልያ አገኘለት።

ሜዳልያው ሲሰጥ ግን መምህሩ በቦታው አልነበረም። ጺዮን ከ1872 ጀምሮ በሕክምናና ቀዶ ጥገና አካዳሚ ፕሮፌሰር ነበር፤ በዚያም ጠላት አበዛ። ለሳይንስ ሲል ሃይማኖትንና ሥርዓትን መናቅ በተማሪዎች ዘንድ እንደ ክብር በሚታይበት ዘመን እርሱ ያን አስተሳሰብ በአደባባይ ይነቅፍ ነበር፤ በፈተናም ብዙ ተማሪዎችን ጣለ፤ በትውልዱም አይሁዳዊ ስለነበር በዚህ የሚጠሉት አልጠፉም። በ1874 መኸር ተማሪዎች ንግግሩን በጩኸት አቋርጠው አመፁ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። ባለሥልጣናቱ ነገሩን ለማብረድ ጺዮንን ፈቃድ ሰጥተው ወደ ውጭ ላኩት፤ ወደ ወንበሩም አልተመለሰም። በፓሪስ ወደ ፖለቲካና ወደ ገንዘብ ጉዳይ አዘነበለ፤ በ1912 እዚያው ሞተ።

ለፓቭሎቭ ይህ ትልቅ ጉዳት ነበር። ጺዮን በአካዳሚው ረዳቱ ሊያደርገው አስቦ ነበርና። በምትኩ የተሾመው ታርኻኖቭ ቦታውን ቢያቀርብለትም፣ መምህሩ በዚያ መንገድ ከተባረረበት ወንበር ሥር መሥራትን እምቢ አለ። ኑሮ ለሌለው ወጣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በእንስሳት ሕክምና ተቋም ለጥቂት ጊዜ በረዳትነት ሠራ፤ ጎን ለጎንም ሕክምና ተምሮ በ1879 ሐኪም ሆነ፤ በ1883 ስለ ልብ ነርቮች በጻፈው ጽሑፍ ዶክትሬቱን አገኘ። ይህ ሁሉ ሲሆን ድህነት አልተለየውም። በ1881 ሴራፊማ ካርቼቭስካያን አግብቶ ለራሳቸው ቤት መያዝ ስላቃታቸው አንዳንድ ጊዜ ከወንድሙ ከድሚትሪ ጋር ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውም በሕፃንነቱ ሞተባቸው። በአንድ ወቅት አብረውት የሚሠሩ ሐኪሞች ችግሩን አይተው፣ የንግግር ክፍያ ነው በሚል ሰበብ ገንዘብ አዋጥተው ቢሰጡት፣ ለሙከራ የሚሆኑ ውሾች ገዛበት ይባላል።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የቆሽት ጥያቄ ከእርሱ ጋር ነበር። በ1877 ወደ ብሬስላው ሄዶ በሃይደንሃይን ቤተ ሙከራ ሠራ፤ በ1879 ውሻው ከቀዶ ጥገናው ድኖ፣ ጤናው ተመልሶ የቆሽቱ ፈሳሽ በቆዳው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ የሚያደርግ የራሱን ዘዴ አሳተመ። ከ1878 እስከ 1890 የታወቀው ሐኪም ቦትኪን ቤተ ሙከራውን አስረክቦት ነበር። ቤተ ሙከራ ሲባል ግን በግቢው ውስጥ የቆመች ታናሽ የእንጨት ቤት ማለት ነው።

መልሱ የተገኘው እዚያ ነው፤ ዘመኑም 1888 አካባቢ ነበር። ፓቭሎቭ ያስተዋለው ነገር ተማሪ ሳለ ካገኘው ውጤት በቀጥታ የሚመነጭ ነው። ስሜት ተቀባይ ነርቭ ሲነካ ቆሽት የሚቆም ከሆነ፣ በሙከራው ወቅት እንስሳው የሚሰማው ሕመም ራሱ ቆሽቱን እያስቆመው ነው ማለት ነው። እንግዲህ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁሉ፣ እርሱና አፋናሲየቭም ጭምር፣ የሚያሠራውን ነርቭ ያላገኙት ነርቩ ስለሌለ ሳይሆን የፍለጋው መንገድ ምልክቱን ስላጠፋው ነበር። ስለዚህ ቬገስ የተባለውን ነርቭ ከአንገት ላይ አስቀድሞ ቆረጠው፤ ጥቂት ቀናትም ጠበቀ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ልብን የሚገቱት የነርቩ ክሮች ይደክማሉ፤ ወደ ቆሽት የሚሄዱት ግን ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ነርቩን ያለ ሕመምና ያለ ልብ መናወጥ ሲያነሣሣው፣ ከጥቂት ደቂቃ ቆይታ በኋላ የቆሽቱ ፈሳሽ መንጠባጠብ ጀመረ።

በተማሪ ጥናት ውስጥ እንደ እንቅፋት የታየው ነገር የዘዴ መሠረት የሆነው እንዲህ ነው። ከዚህ በኋላ ፓቭሎቭ፣ የአካልን ተፈጥሯዊ ሥራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በሕመምና በመድኃኒት ከተያዘ እንስሳ ይልቅ ከቁስሉ ድኖ፣ በልቶና ተኝቶ በሚኖር እንስሳ ላይ መሥራት አለበት የሚለውን አቋም አልተወም። ይህ አቋም ባይኖር ኖሮ ምራቁን በጸጥታ የሚያፈስሰው ውሻ፣ ከእርሱም ጋር የሥነ ልቡና መማሪያ መጻሕፍት አንድ ምዕራፍ ባልኖሩ ነበር። ለእንስሳቱ ግን ኑሮው ምቹ ነበር ማለት አይደለም። የዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ቢያዩት ከሙከራዎቹ ብዙዎቹን እንደማይፈቅዱ ግልጽ ነው።

ከ1891 ጀምሮ አዲስ በተቋቋመው የሙከራ ሕክምና ኢንስቲትዩት የፊዚዮሎጂውን ክፍል ሲመራ፣ ፓቭሎቭ በተራው አማካሪ ሆነ። እስከ 1904 ባሉት ዓመታት ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች በእርሱ ሥር ሠርተዋል። አብዛኞቹ ዶክትሬት ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ጊዜ የተሰጣቸው ሐኪሞች እንጂ የፊዚዮሎጂ ሰዎች አልነበሩም። ብዙዎቹም ቀድሞ ሙከራ ሠርተው አያውቁም፤ በዚህ ረገድ ከኛ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች እምብዛም አይለዩም። ርእሱን የሚሰጠው እርሱ ነው፤ ውሻውን የሚያዘጋጀው እርሱ ወይም ረዳቱ ነው፤ በሙከራው ሰዓት እየዞረ ያያል፣ ይቆጥራል፣ ይቆጣል። የተጻፈው ጽሑፍም ጮክ ተብሎ እየተነበበለት ያርመዋል። ቁጣው የታወቀ ነበር፤ ጠብታ አሳስቶ የቆጠረ ወዮለት። ከቁጣው በኋላ ግን ሥራው ይቀጥላል፤ ቂም የሚይዝ ሰው አልነበረም ይባላል።

እንዲህ ባለ አሠራር የውጤቱ ባለቤት ማን ነው? በ1897 ያሳተመው ስለ ምግብ መፍጫ ዕጢዎች ሥራ የሚናገረው መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእነዚህ ሐኪሞች ሙከራዎች ላይ የቆመ ነው። ፓቭሎቭ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ የሠራውን ነግሮለታል፤ ሐሳቡን አንድ የሚያደርገው ግን የእርሱ ራስ መሆኑንም አልሸሸገም። ከ1904ቱ የኖቤል ሽልማት ጋር ስሙ ብቻ መያያዙን ፍትሐዊ ነው የሚሉም አይደለም የሚሉም አሉ። በእኔ አስተያየት ስምን በግልጽ መጥራት ትንሹ ዕዳ ነው፤ እርሱም ቢያንስ ያን ከፍሏል።

አማካሪና ተማሪ ያልተስማሙበት ጊዜም ነበር፤ ለእኛ ሙያ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ቩልፍሶን የተባለ ሐኪም በ1898 በጨረሰው ጥናት፣ ውሻ የሚያፈስሰው ምራቅ እንደሚቀርብለት ነገር ዓይነት እንደሚለያይ፣ ነገሩም አፉ ሳይገባ ከሩቅ ብቻ ሲታይ ምራቁ በዚያው ዓይነት እንደሚመጣ አሳየ። ይህን የወረሰው ስናርስኪ ነው። እርሱም በጥቁር ቀለም የተቀባ አሲድ በውሻ አፍ ደጋግሞ ከጨመረ በኋላ፣ በዚያው ቀለም የጠቆረ ውኃ ብቻ ሲያሳየው ውሻው ምራቁን አፈሰሰ። ስናርስኪ ይህን የተረጎመው ውሻው ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይመርጣል በማለት በራሱ በሰው ልቡና ምሳሌ ነበር። ፓቭሎቭ ግን የውሻን ሐሳብ ማንም አይቶ ሊለካው እንደማይችል፣ የሚለካው ምራቁ ብቻ እንደሆነ ተከራከረ። ሁለቱ አልተስማሙም። ስናርስኪም በ1901 የራሱን አተረጓጎም እንደያዘ ጽሑፉን ተከላክሎ ዶክትሬቱን ተቀበለ።

ክርክሩ ለፓቭሎቭ የሐሳብ መለያያ ሆነለት። በዚያው ዓመት ቶሎቺኖቭ ከተባለ ሐኪም ጋር አዲስ ሙከራ ጀመረ። ደረቅ ዳቦ ለውሻው ደጋግሞ ታይቶ ሳይሰጥ ሲቀር ምራቁ እየቀነሰ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ ከተሰጠው ደግሞ ይመለሳል። የልቡና ነገር ተብሎ የተተወው ነገር ሕግ ያለው ሆኖ ተገኘ። በተወሰነ ሁኔታ የሚፈጠር፣ ሁኔታው ሲለወጥም የሚጠፋ በመሆኑ ሁኔታዊ ሪፍሌክስ ተባለ። ቶሎቺኖቭ ውጤቱን በ1902 በሄልሲንኪ፣ ፓቭሎቭም አዲሱን ሐሳብ በ1903 ማድሪድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ አሰሙ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ አናስረዝመውም። አንድ ብቻ እንጨምር። ሼንገር-ክሬስቶቭኒኮቫ የተባለች ተመራማሪ ውሻ ክብን ከሞላላ እንዲለይ አስተማረች፤ ክብ ሲታይ ምግብ ይመጣል፣ ሞላላ ሲታይ አይመጣም። ሞላላው ቀስ በቀስ ወደ ክብ እየቀረበ ሄዶ የዲያሜትሮቹ ንጽጽር 9 ለ8 ላይ ሲደርስ ውሻው መለየት ተሳነው፤ በሳምንታት ውስጥም ቀድሞ በቀላሉ የለየውን ሁሉ ሳተ። ጸጥተኛ የነበረው እንስሳ መጮህ፣ ማሰሪያውንና መሣሪያውን መንከስ ጀመረ። ሌላ አማካሪ ቢሆን ጥናቱ ተበላሸ ብሎ ውሻውን በሌላ ያስለውጥ ነበር። ፓቭሎቭ ግን ተበላሸ የተባለውን ያዘ፤ በኋላ ዘመኑ ስለ ነርቭ ሕመሞች የሠራው ሥራ መነሻም ይህ ሆነ። ቆሽትን ያየ ሰው እንዲህ ማድረጉ አያስደንቅም።

በሶቪየት ዘመን ፓቭሎቭ መንግሥት የሚረዳው፣ መንግሥትን ግን በአደባባይ የሚነቅፍ ሰው ሆኖ ኖረ። በ1924 የካህናት ልጆች ከወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ ሲባረሩ እርሱም የቄስ ልጅ መሆኑን ጠቅሶ የፕሮፌሰርነት ወንበሩን ለቀቀ። ለተማሪ ሲል ወንበር ሲተው ይህ ሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ የተወው ለመምህሩ ሲል ነበር። የካቲት 27 ቀን 1936 በ86 ዓመቱ ሌኒንግራድ ውስጥ አረፈ።

የተማሪነቱን ጥያቄ በተመለከተ ግን አንድ ነገር ሳንናገር ቀረን፤ ለዚህም ወደ 1902 እንመለስ። በዚያ ዓመት ለንደን ውስጥ ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ነርቮቹን ሁሉ ከአንጀት ለይተው ካስወገዱ በኋላ እንኳ፣ አሲድ ወደ ትንሹ አንጀት ሲገባ ቆሽት ፈሳሹን እንደሚያፈስስ አሳዩ። ትእዛዙ የሚሄደው በደም ውስጥ በሚጓዝ ኬሚካል ነበር፤ ስሙንም ሴክሬቲን አሉት። ይህ ማለት ጺዮን ለሁለቱ ተማሪዎች የሰጠው ጥያቄ፣ የትኛው ነርቭ ያዝዘዋል የሚለው፣ ከመነሻው ግማሹን ብቻ የያዘ ነበር። ፓቭሎቭ የሕይወቱን ሰፊ ክፍል የነርቭን አዛዥነት ለማስረዳት አውሎት ነበርና ዜናው ቀላል አልሆነለትም። ከረዳቶቹ አንዱን የእንግሊዞቹን ሙከራ በፊቱ እንዲደግመው አዘዘ። ሁሉም ቆመው ተመለከቱ፤ ፈሳሹም ፈሰሰ። ፓቭሎቭ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ክፍሉ ገባ። ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ተመልሶ፣ ትክክለኞቹ እነርሱ መሆናቸውን፣ እውነትንም ብቻቸውን የማግኘት መብት እንደሌላቸው ለተሰበሰቡት ነገራቸው። በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ቤተ ሙከራው የሚመጡት ሐኪሞች የሚሰጣቸው ርእስ በአብዛኛው ስለ ምራቅና ስለ አንጎል ሆነ።